ከትልም የወጣ አእምሮ፦ በሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን ከዴሊሪየም መጠበቅ

በላስታ ደጋ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ዓይኑን ከትልሙ አይነቅልም። በሬው ሲደክመው፣ ሲደነግጥ ወይም ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከትልሙ ይወጣል። ልምድ ያለው አራሽ በዚህ ጊዜ ጅራፉን ከማንሣቱ በፊት በሬውን ምን እንዳስወጣው ይመለከታል። የጥንት ሮማውያንም አራሾች ነበሩና አእምሮው በድንገት ለተዛባበት ሰው የሚሆን ቃል የተዋሱት ከእርሻ ነበር። በላቲን ቋንቋ «ሊራ» ትልም ማለት ሲሆን «ዴሊራሬ» ከትልም መውጣት ነው። በዛሬው ሕክምና «ዴሊሪየም» የሚባለው ሕመም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በአገራችንም ሕመሙ አዲስ አይደለም፤ ትኩሳት የበረታበት ሰው «ይቀባዥራል» ሲባል ያልሰማ የለም።

ይሁን እንጂ ዴሊሪየም የትኩሳት ውጤት ብቻ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሆስፒታል ሲተኙ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሟቸው አደጋዎች አንዱ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ያልፋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ50 ዓመት ብዙም ያልራቀው አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ደርሷል። ስለዚህ በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ የምናገኛቸው አባቶችና እናቶች ቁጥር እየጨመረ መሄዱ የማይቀር ነው። በዚህ ጽሑፍ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚፈጠርና እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንመለከታለን። በተለይ በመከላከሉ ላይ የምናተኩረው መከላከያው ውድ መሣሪያ የማይጠይቅና አብዛኛውም በአስታማሚው እጅ የሚገኝ በመሆኑ ነው።

አንድ ምሳሌ

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ምሳሌው የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በየሆስፒታሉ የሚታየውን በአንድነት ለማሳየት ያዘጋጀነው ነው።

ከብልባላ አካባቢ የሆኑ የ78 ዓመት አባት ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ይሰበራል። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያም ሆስፒታል ይደርሳሉ። በመጀመሪያው ቀን አእምሯቸው ንጹሕ ነው፤ እንዴት እንደወደቁ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ስለ በሬዎቻቸው ይጠይቃሉ፤ የመጣውን ሁሉ ይመርቃሉ። በሁለተኛው ሌሊት ግን «ከብቶቹ ገብሱ ውስጥ ገቡ!» እያሉ ለመነሣት ይታገላሉ፤ የግሉኮሱን መርፌ ነቅለው ይጥላሉ፤ ልጃቸውን በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ሲነጋ ይረጋጋሉ። ሊመሽ ሲል እንደገና ይጀምራቸዋል።

ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ይላል። ሌላው «መንፈስ ነው፤ ጠበል እንውሰዳቸው» ይላል። ተረኛው የጤና ባለሙያ በበኩሉ ሌሎቹ ሕሙማን እንዳይረበሹ የሚያስተኛ መድኃኒት ለመስጠት ያስባል። ሦስቱም እንደ አራሹ «ምን አስወጣቸው?» ብለው አልጠየቁም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ መልሱ አጠገባቸው ነበር። እኚህ አባት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል ተብሎ ለሁለት ቀን እህልና ውኃ በበቂ አልቀመሱም፤ ስብራቱ በተገላበጡ ቁጥር ያማቸዋል፤ መነጽራቸው ቤት ቀርቷል፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ የሽንት ቱቦ ገብቶላቸዋል፤ ሁለቱንም ሌሊት ዓይናቸው አልተከደነም።

ዴሊሪየም ምንድን ነው?

ዴሊሪየም በአካል ሕመም፣ በመድኃኒት ወይም በሌላ ጫና ምክንያት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚከሰት የአንጎል ሥራ መታወክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሻረን ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው ሕመሙን ለመለየት የሚረዳ ዘዴ አቅርበዋል፤ ዘዴው ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። የሚመለከተውም አራት ምልክቶችን ነው፦ አንደኛ፣ ለውጡ በድንገት የመጣና ከፍ ዝቅ የሚል መሆኑ፤ ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ሐሳቡን በአንድ ነገር ላይ ማቆየት አለመቻሉ፤ ሦስተኛ፣ ንግግሩና አስተሳሰቡ የተዘበራረቀ መሆኑ፤ አራተኛ፣ ንቃቱ ከወትሮው የተለየ መሆኑ፣ ማለትም ከልክ በላይ መነቃቃቱ ወይም መፍዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተገኝተው ከሦስተኛውና ከአራተኛው አንዱ ከተጨመረ ዴሊሪየም መኖሩ ይታሰባል።

ይህ ሕመም ከመርሳት በሽታ የተለየ ነው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚገባ ሲሆን ዴሊሪየም ግን የትናንቱን ሰው ዛሬ ሌላ ሰው ያደርገዋል። በመሆኑም ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመው የቤተሰቡ ቃል ነው። «እኚህ አባት ባለፈው ሳምንት እንዲህ ነበሩ ወይ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ከልጃቸው በተሻለ የሚመልስ መሣሪያ የለም። ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሊገኙም ይችላሉ፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው በቀላሉ በዴሊሪየም ይጠቃልና።

ዴሊሪየም ሁልጊዜ ጩኸትና ግርግር ይዞ አይመጣም። በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታየው እንዲያውም ዝምተኛው ዓይነት ነው። ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፤ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል፤ ምግብ ሲቀርብለት ዝም ብሎ ያየዋል። ቤተሰብ «ዛሬስ ዕረፍት አገኙ» ብሎ ይደሰታል። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረታችን በሆስፒታል አልጋ ላይ አይሠራም፤ ዝምተኛው ዴሊሪየም ሳይታወቅ ስለሚቆይ አደጋው ከጩኸተኛው አያንስም። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በጠቅላላ የሕክምና ክፍሎች ከሚተኙ አረጋውያን ከአራቱ አንዱ ገደማ በዴሊሪየም ይጠቃል፤ ከእነዚህም መካከል ከግማሽ የማያንሱት በባለሙያዎች ዓይን ሳይገቡ ያልፋሉ። የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸውና በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚተኙት ዘንድ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል።

ውጤቱ ሌሊቱን ከመረበሽ ያለፈ ነው። ዴሊሪየም የያዘው አረጋዊ ከአልጋ ሊወድቅ፣ የመኝታ ቁስል ሊያወጣ፣ በሆስፒታል ረዥም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። በኋለኞቹ ወራት የመሞት፣ በራሱ መንቀሳቀስ ያለመቻልና የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድሉም ካልያዘው ሰው የበለጠ ነው። ስለዚህ ዴሊሪየም እንደ ልብ ሕመም ወይም እንደ ደም መፍሰስ አስቸኳይ ትኩረት የሚሻ ሕመም ነው።

ጎተራውና ድርቁ

አንድ ዓይነት ሕመም ይዟቸው ከተኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲቀባዥር ሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወሎ በሚገባ የሚያውቀውን ነገር እንዋስ። ጎተራው የሞላ ቤት አንድ ክረምት ዝናብ ቢከዳው ይሻገራል። ጎተራው የተመናመነ ቤት ግን በልግ ጥቂት ሲዘገይ እንኳ ይናጋል። አንጎልም እንዲሁ የራሱ ጎተራ አለው። ዕድሜ፣ የመርሳት በሽታ፣ የማየትና የመስማት ድካም፣ ያልታከመ የቆየ ሕመም፣ በቂ ምግብ አለማግኘት ጎተራውን ያጎድላሉ። የሳንባ ምች፣ ቀዶ ሕክምና፣ የውኃ እጥረት፣ ብርቱ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና አዲስ መድኃኒት ደግሞ ድርቁ ናቸው። ጎተራው የሞላ ወጣት ብርቱ ድርቅ ይችላል፤ ጎተራው የጎደለ አረጋዊ ግን በተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከትልሙ ሊወጣ ይችላል።

ከዚህ አስተሳሰብ አንድ ትልቅ ተግባራዊ ትምህርት እናገኛለን። የአረጋዊውን ዕድሜ መመለስ አይቻልም፤ ድርቁን ግን በብዙ መልኩ ማቅለል ይቻላል። ዴሊሪየም ብዙ ጊዜ የአንድ ምክንያት ሳይሆን የብዙ ትንንሽ ምክንያቶች ድምር በመሆኑ ከመካከላቸው ሁለቱን ሦስቱን ማስወገድ እንኳ ሚዛኑን ሊለውጥ ይችላል።

በአንጎል ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ አሴቲልኮሊን ይባላል፤ ለትኩረት፣ ለንቃትና ለማስታወስ እጅግ አስፈላጊ ነው። የዚህ መልእክተኛ ሥራ ሲታገድ ምን እንደሚሆን የአገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። በየመንገዱ ዳርና በየጉድፉ የሚበቅል፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ ያለው አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አንድ ተክል አለ። ስሙ «አስተናግር» ነው፤ አጤ ፋሪስም ይባላል። የሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች የአሴቲልኮሊንን መቀበያ ይዘጋሉ፤ የበላውም ሰው የሌለ ነገር እያየ ያልተጠየቀውን ይናገራል። ስሙ ራሱ ሕመሙን ይገልጻል።

የሚያስደንቀው፣ በመድኃኒት ቤቶች ከሚሸጡ የታወቁ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በመጠኑም ቢሆን ይህንኑ ሥራ መሥራታቸው ነው። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ፕሮሜታዚን፣ ለነርቭ ሕመምና ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ከእነዚህ ይመደባሉ። አንድ ወጣት እነዚህን ሲወስድ አፉ ይደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ጎተራው በጎደለ አንጎል ላይ ሲደረቡ ግን ዴሊሪየም ሊያስከትሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ብግነት ነው። ሳንባ ወይም ቁስል ሲመረዝ ሰውነት ሳይቶካይን የተባሉ የማንቂያ ፕሮቲኖችን በደም ውስጥ ይለቃል። እነዚህ ምልክቶች ወደ አንጎል ሲደርሱ የአንጎልን የመከላከያ ሕዋሳት ያነሣሣሉ፤ የነርቭ ሕዋሳትም ሥራ ይታወካል። በዚህ ምክንያት የሳንባ ምች የያዛቸው አረጋዊ ሳያስሉና ሳይተኩሱ በመጀመሪያ በመቀባዠር ብቻ ሊታወቁ ይችላሉ።

ሦስተኛው የኦክስጅንና የስኳር እጥረት ነው። እዚህ ላይ የላስታ መልክዓ ምድር ራሱ ትምህርት ይሰጠናል። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የደጋው ሰው ከዚህ ጋር በሚገባ ተስማምቶ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው አማካይ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ አይለይም። ሆኖም ጤነኛ ሰው መስማማቱ አንድ ነገር ነው፤ የሳንባ ምች የያዘው አረጋዊ ሌላ ነው። የሚተነፍሰው አየር ራሱ የሳሳ በመሆኑ ሳንባው ሲታመም የመጠባበቂያው ስፋት ጠባብ ይሆናል። ስለዚህ በደጋ የሚቀባዥር አረጋዊ ሲገኝ በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ማስቀደም ይገባል።

መከላከል እንደሚቻል በምን ታወቀ?

እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ ሐኪሞች ዴሊሪየምን የማይቀር የእርጅና ዕዳ አድርገው ይመለከቱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማን ተጠኑ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ሲያገኙ ለቀሩት ግማሾች ከሕክምናው በተጨማሪ ስድስት ነገሮች ላይ ያነጣጠረ እንክብካቤ ተደረገላቸው፤ እነርሱም የአእምሮ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አለመንቀሳቀስ፣ የማየት ችግር፣ የመስማት ችግርና የውኃ እጥረት ናቸው። አዲስ መድኃኒት አልተሰጠም። ሥራው በአብዛኛው ማነጋገር፣ ማጠጣት፣ ማራመድና መነጽር ማቀበል ነበር። በውጤቱም የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 15.0 በመቶ በዴሊሪየም ሲያዙ ልዩ እንክብካቤ ካገኙት የተያዙት 9.9 በመቶ ብቻ ሆኑ።

በዚሁ ጥናት የታየ ሌላ ነገር አለ። እንክብካቤው ዴሊሪየም እንዳይመጣ ቢከላከልም አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ ብርታቱን እምብዛም አልቀነሰም። መከላከሉ ከሕክምናው የሚቀድመው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮክሬን ተመራማሪዎች ከአምስት ሺህ በላይ ሕሙማን የተካተቱባቸውን 22 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ ያለ መድኃኒት የሚደረጉ የተቀናጁ እንክብካቤዎች የዴሊሪየምን መከሰት በ43 በመቶ ያህል እንደሚቀንሱ አረጋግጠዋል።

ለእኛ አገር እጅግ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ከቻይና፣ ከቼንግዱ ከተማ የወጣው ነው። በአሜሪካው አሠራር ሕሙማንን የሚያጫውቱትና የሚያራምዱት ሠልጥነው የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በቼንግዱ ግን እንደ እኛ አገር ሁሉ በሕመምተኛው አጠገብ የሚውለውና የሚያድረው ቤተሰብ በመሆኑ ነርሶች ቤተሰቡን አሠልጥነው ሥራውን ከእርሱ ጋር ተካፈሉ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 281 አረጋውያን መካከል የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት 19.4 በመቶ በዴሊሪየም ሲያዙ ቤተሰብ በተሳተፈበት እንክብካቤ የተያዙት 2.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላው ዓለም በጎ ፈቃደኛ ፈልጎ የሚያደራጀውን ኃይል የላስታ አረጋዊ ሆስፒታል ሲመጣ ይዞት ይመጣል፤ አስታማሚውን። የጎደለው ለአስታማሚው ምን ማድረግ እንዳለበት መንገሩ ነው።

በላስታ እንዴት ይሠራል?

በሰሜን ወሎ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የጤና ተቋማት ክፉኛ ተጎድተዋል። የሕክምና መሣሪያ በጠፋበት ወቅት እንኳ ከዚህ በታች የምንዘረዝረውን ማድረግ ይቻላል።

የመጀመሪያው ጊዜንና ቦታን ማሳወቅ ነው። ሕመምተኛው የት እንዳለ፣ ለምን እንደመጣ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ በቀን ብዙ ጊዜ በለሰለሰ ቃል ይነገረው። በመማሪያ መጻሕፍት «ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው?» ብለህ ጠይቅ ይላል። የላስታ አረጋዊ ግን ወሩን የሚቆጥሩት በቅዱሳን ነውና «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ይገባቸዋል። «አባቴ፣ ዛሬ 21 ነው፤ ማርያም ናት። ያሉት ሆስፒታል ነው፤ እግርዎ ተሰብሮ ነው የመጡት፤ እኔ ልጅዎ አብሬዎ ነኝ» የሚል አስታማሚ ጥሩ ሕክምና እየሰጠ ነው። ትኩረትን ለመፈተንም ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ማስቆጠር ይቻላል፤ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ እያሉ። ትናንት በደንብ የቆጠሩት አባት ዛሬ ሐሙስ ላይ ጠፍቶባቸው ከቀሩ ለነርስ መናገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ውኃና ምግብ ነው። በእርጅና የጥም ስሜት ይደበዝዛል፤ አረጋዊው ውኃ ጎድሎባቸው እያለ «አልጠማኝም» ይላሉ። ስለዚህ እስኪጠይቁ መጠበቅ አይገባም፤ ሐኪም ካልከለከለ በስተቀር ቀና አድርጎ አስቀምጦ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው። በላስታ ብዙ አረጋውያን በሕመማቸው ጊዜ እንኳ ጾም መፍታትን አይወዱም። በዚህ ጊዜ መጨቃጨቅ አይጠቅምም፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታዝነውን ያህል የሚያውቁት የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ይሰማሉ። ለቀዶ ሕክምና ከምግብ የሚከለከሉበት ሰዓትም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይረዝም፣ ቀጠሮው ሲተላለፍ «አሁን ይብሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአስታማሚው ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ዓይንና ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን የግማሹ ያህል ምክንያት የዓይን ሞራ ነበር። ይህ ሸክም በብዛት የሚያርፈው በአረጋውያን ላይ ነው። በደብዛዛ ብርሃን፣ በደከመ ዓይን የሚታይ የግሉኮስ መስቀያ ሰው ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መነጽር ካለ ከቤት ይምጣ፤ አልጋው ከተቻለ ከመስኮት አጠገብ ይሁን። ጆሮ ለከበዳቸው ከፊት ለፊት ቀርቦ፣ ሳይጮሁ፣ ቀስ ብሎ መናገር ይገባል። ጆሮ በኩክ ተደፍኖ እንደሆነም ይታይ።

አራተኛው መንቀሳቀስ ነው። «በሽተኛ ይተኛ» የሚለው ልማድ ለአረጋውያን ጎጂ ነው። ሐኪም ከፈቀደ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ደግፎ ማስቀመጥ፣ ማቆምና ማራመድ ይገባል። መራመድ ያልቻሉት አልጋ ላይ እጅና እግራቸውን ያንቀሳቅሱ። የሽንት ቱቦ የማያስፈልግ ከሆነ ቶሎ እንዲወጣ ይጠየቅ፤ ቱቦው ሰውን ከአልጋ ጋር ያስራል፤ ኢንፌክሽንም ያመጣል።

አምስተኛው እንቅልፍ ነው። ሌሊት መብራቱና ወሬው ይቀነስ፤ ቀን ግን መጋረጃው ተከፍቶ ፀሐይ ይግባ። ከመኝታ በፊት ሞቅ ያለ ወተት፣ በጾም ቀን ደግሞ የአጃ አጥሚት መስጠትና ጀርባን ማሻሸት ከእንቅልፍ ክኒን ይመረጣል። ጠያቂ መብዛቱ የማኅበራዊ ኑሯችን ክብር ነው፤ ነገር ግን ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ አልጋ ሲከብ የደከመ አእምሮ ይጨናነቃል። ሁለት ሁለት እየሆኑ መግባት፣ የሚያድረው አስታማሚም በየሌሊቱ ባይለዋወጥ ይሻላል። ሕመምተኛው ከላሊበላ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ከተላከ አብሮ የሚሄደው ሰው ያው የሚያውቁት ቢሆን መልካም ነው፤ እያንዳንዱ የቦታ ለውጥ ለአንጎል አዲስ ጫና ነውና።

ስድስተኛው የሕመም ስሜትን፣ ሽንትንና ሰገራን መከታተል ነው። የላስታ አረጋዊ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ ምንም ቢያማቸው መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ ምስጋና እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። «ሲገላበጡ ያምዎታል? ከአሥር ስንት ያህል?» ከማለትም ይልቅ ፊታቸውን ማየት፣ «ትናንት ማታ ሕመሙ አስተኝቶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሽንት መታገድና የሆድ ድርቀትም አረጋዊን ሊያቅበዘብዙ ይችላሉ።

ሰባተኛው መድኃኒት ነው። ከቤት የመጣው ሁሉ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛውም ከባሕል ሐኪም የተወሰደውም፣ ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገር። ዲያዜፓምን የመሰሉ የሚያስተኙ መድኃኒቶች ለጊዜው ጸጥታ ቢያመጡም ዴሊሪየሙን ሊያባብሱ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ወይም ብዙ ጠላ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥና መቀባዠር የራሱ አስቸኳይ ሕክምና አለው፤ በዚያ ጊዜ ዲያዜፓም ሊታዘዝ ይችላል። ስለዚህ አስታማሚው ስለ መጠጥ ሲጠየቅ እውነቱን በመናገሩ አባቱን አያዋርድም።

ቢከሰትስ?

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዴሊሪየም ሊከሰት ይችላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ምክንያቱን መፈለግ ነው። ኦክስጅን፣ የደም ስኳር፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት፣ ሽንትና መድኃኒት በቅደም ተከተል ይታያሉ። ሕመምተኛው በቅርቡ ወደ ተከዜ ሸለቆ ቆላ ወርዶ ከነበረ ወባም ይታሰባል። ሕመምተኛውን ከአልጋ ጋር ማሰር ፍርሃቱን ይጨምራል እንጂ አያረጋጋውም። «ከብቶቹ ገብሱ ውስጥ ገቡ» ሲሉ «የምን ከብት ነው!» ብሎ መከራከር አይረዳም፤ «ልጆቹ መልሰዋቸዋል፤ እርስዎ ይረፉ» ብሎ እጅ መያዝ ይረዳል። ጠበል የሚፈልግ ቤተሰብም ጸሎቱንና ጠበሉን አልጋው ድረስ ማምጣት ይችላል፤ ሕመምተኛውን ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሆስፒታል ማስወጣት ሊታከም የሚችለውን የሳንባ ምች ለመግደል ዕድል መስጠት ነው።

ቤተሰብ ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። ዴሊሪየም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሲታከም ይሻላል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እስኪጠራ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ያገገሙ አረጋውያን ያዩትንና የተናገሩትን አስታውሰው ሊያፍሩ ይችላሉ። «ሕመሙ ነው የተናገረው» ብሎ ማጽናናት ይገባል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ተማሪ ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም ተመራማሪ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ምናልባትም በዚህ ዓመት ውስጥ አያቱን በሆስፒታል የሚያስታምም ልጅ ይሆናል። ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል ከመነሣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ከቤት ይያዝ፤ መነጽራቸውን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ እና ጤነኛ ሳሉ እንዴት እንደነበሩ የሚያውቅ አንድ ሰው። ሆስፒታል ከደረሰ በኋላም ነርሷን «አያቴ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደሉም» ለማለት አይፈር። በሬው ከትልም መውጣቱን ቀድሞ የሚያየው እርፉን የያዘው ነው።